የጡት ኢምፕላንትና በዙሪያው የሚሠራው ጠባሳ፦ ጎንደር ላይ ሆነሽ ስትመርጪ

የጡት ኢምፕላንት ጡት ውስጥ በኦፕራሲዮን የሚቀመጥ፣ በሲሊኮን ጄል ወይም በጨው ውሃ የተሞላ ከረጢት ነው። የትኛውንም ብታስገቢ ሰውነትሽ በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል። ውድ ሆነ ርካሽ፣ ኢስታንቡል ተሠራ አዲስ አበባ፣ ይህ አይቀርም። ጥያቄው ጠባሳው ስስና ለስላሳ ሆኖ ይኖራል ወይስ እየጠበቀ ይሄዳል የሚለው ነው። የኢምፕላንቱ ዓይነት፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚገባበት መንገድ፣ ሁሉም እዚህ ጥያቄ ላይ ያርፋል።

ይህን የምጽፈው ለሦስት ዓይነት ሴቶች ነው። አንዷ በካንሰር ምክንያት ጡቷ የተነሣባት ናት። ሁለተኛዋ ጡቷን ለማስተለቅ ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። ሦስተኛዋ ውጭ አገር አስተክላ፣ ለጥምቀት ወይም ለሰርግ ጎንደር መጥታ፣ አንዱ ጡቷ ሲጠነክርባት የምታማክረው ሰው ያጣች ናት። የሦስቱም ምርጫ ይለያያል። አንድ ነገር ግን ሦስቱንም ያገናኛቸዋል። ጎንደር የምትኖሪ ከሆነ፣ ከብራንዱም ከመጠኑም በፊት «ከዓመታት በኋላ ችግር ቢመጣ ማን ያየኛል? የት?» ብለሽ ጠይቂ። ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የመዘንኳቸው በዚህ ጥያቄ ነው።

ሰውነት ምን እያደረገ ነው?

ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ሲወጣ ያየች ሴት ይህን ነገር በዓይኗ አይታዋለች። ጤና ጣቢያ ነርሷ ክንዱን አደንዝዛ ትንሽ ትሰነጥቃለች። ዘንጓን በጣቷ ወደ ቀዳዳው ትገፋለች። ጫፏ ጉብ ብላ ትታያለች፣ ግን አትወጣም። ነጭ ስስ ሽፋን ይዟታል። ነርሷ በምላጩ ጫፍ ሽፋኑን ጫር ስታደርገው ዘንጓ ሙልጭ ብላ ትወጣለች። ያ ሽፋን መጀመሪያ አልነበረም። ሰውነት ራሱ ነው የሠራው። ጡት ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የሚለየው በመጠን ነው።

ኢምፕላንቱ እንደገባ የደም ፕሮቲኖች ላዩ ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። ከእነሱ ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሥራቸው ባዕድ ነገርን መዋጥ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ግን መዋጥ አይችሉም። እርስ በርስ ተዋህደው ግዙፍ ሴል ቢሠሩም አይሆንላቸውም። መዋጥ ሲያቅት ሰውነት ወደ ማጠር ይሄዳል። ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች መጥተው ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ይዘረጋሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሽፋኑ ዙሪያውን ይገጥማል። ከዚያም በኋላ ለወራት ይበስላል። ጤነኛው ሽፋን ከእንቁላል ቅርፊት ሥር እንዳለው ስስ ቆዳ ያለ ነው። ጥቅምም አለው፤ ኢምፕላንቱ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል።

በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግን ነገሩ እዚህ አይቆምም። ከፋይብሮብላስቶቹ የተወሰኑት እንደ ጡንቻ የመኮማተር አቅም ያላቸው ሴሎች ይሆናሉ። ኮላጅኑም እየወፈረ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ሽፋኑ ኢምፕላንቱን ዙሪያውን ስለያዘው፣ ሲኮማተር ኢምፕላንቱን ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ነገር ደግሞ ይከባል፣ ይጠነክራል፣ ወደ ላይም ይወጣል። ብዙ ሰው «ሲሊኮኑ ደረቀ» ይላል። ሲሊኮኑ አልደረቀም። ሐኪም ሽፋኑን ሲከፍተው ኢምፕላንቱ ብዙ ጊዜ እንደገባበት ቀን ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። የጠነከረው የራስሽ ጠባሳ ነው። ይህን ማወቅ ለምርጫው ይጠቅማል፤ ኢምፕላንቱን በሌላ መቀየር ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነውና።

ለምን በአንዷ ይጠብቃል፣ በሌላዋ አይጠብቅም? አንድ ብቻውን መልስ የለም። በደንብ የሚታወቁ ምክንያቶች ግን አሉ። አንዱ ባክቴሪያ ነው። ትኩሳትና መግል የሚያመጣውን ማለቴ አይደለም። ቆዳችን ላይ በሰላም የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኢምፕላንቱ ላይ ተለጥፈው ባዮፊልም የሚባል አተላ መሰል ሽፋን ይሠራሉ። አንቲባዮቲክ እዚያ ውስጥ እንደልቡ አይገባም። ሰውነት ለዓመታት በዝግታ ይቆጣል፣ ጠባሳውም ይወፍራል። ሌላው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ነው። ሦስተኛው የጨረር ሕክምና ነው። ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው፤ እመለስበታለሁ። ተቀዶ የፈሰሰ ሲሊኮንም አለ።

እኛ አገር ቶሎ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ቆዳዬ ኬሎይድ ያወጣል፤ ውስጤም እንደዚያው ይሆናል?» ኬሎይድ የቆዳ ነገር ነው። ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያድጋል። ኢምፕላንት ዙሪያ የሚሠራው ሽፋን ሌላ ነገር ነው። ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትከተቢ ኬሎይድ ወጥቶብሽ ከነበረ ግን ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው። የውጩ ስፌት የት እንዲሆን የሚወስነው እሱን አይቶ ነው።

የጥንካሬው ደረጃ

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ቤከር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። አንደኛው ደረጃ ጡቱ ለስላሳ ሆኖ የተፈጥሮ የሚመስልበት ነው። ሁለተኛው ሲዳሰስ ትንሽ ጠንከር ያለ፣ ለዓይን ግን ምንም የማይታይበት። በሦስተኛው ጥንካሬውም ይዳሰሳል፣ የቅርጹ መለወጥም ይታያል። በአራተኛው ጠንካራ፣ ቅርጹ የተበላሸና የሚያም ይሆናል። አንደኛና ሁለተኛ በሽታ አይደሉም። ስለ ኦፕራሲዮን የሚወራው ከሦስተኛ ጀምሮ ነው።

ነገሩ እምብዛም የማይደርስ አይምሰልሽ። አሜሪካ ውስጥ አምራቾቹ ራሳቸው ለ10 ዓመት በተከታተሏቸው ጥናቶች፣ ለማስተለቅ ብለው ሲሊኮን ካስተከሉት ሴቶች መካከል ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ የደረሱት በግምት ከ10 አንዷ እስከ ከ5 አንዷ ናቸው። ጡታቸው ተነሥቶ በተሠራላቸው ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህን ቁጥር ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት አስቢበት።

ከጡንቻ በላይ ወይስ ከጡንቻ በታች?

ከሁሉ ምርጫ እዚህ ላይ ብትቆዪ ደስ ይለኛል። ኢምፕላንቱ ከጡት ሥጋው ሥር፣ ከደረት ጡንቻው በላይ ሊቀመጥ ይችላል። ወይም ጡንቻው ራሱ በከፊል ይሸፍነዋል።

ከጡንቻ በታች ሲሆን ሽፋኑ የመጥበቅ ዕድሉ ይቀንሳል። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ሲነሣም የጡት ሥጋው የተሻለ ይታያል። ቀጭን ለሆነች ሴት ደግሞ ጠርዙ ከቆዳ ሥር ጎልቶ አይታይም። ጉዳቱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመም የበረታ መሆኑ ነው። ሌላም አለ። የደረት ጡንቻ በሠራ ቁጥር ጡቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቢሮ ለምትውል ሴት ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ጀሪካን ለምትሸከም፣ ብርድ ልብስ በእጇ አጥባ ለምትጨምቅ፣ ሊጥ ለምታቦካ ሴት ግን በየቀኑ የሚታይና የሚሰማ ነገር ነው።

ከጡንቻ በላይ ሲሆን ማገገሙ ይቀላል፣ እንቅስቃሴውም ችግር የለውም። የመጥበቅ ዕድሉ ግን ከፍ ይላል።

እኔ ለጎንደር ሴት የማዘነብለው ወደ ታችኛው ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን እዚህ ሩቅና ውድ ነው። የመጥበቅ ዕድልን የሚቀንስ ምርጫ ሲኖር እሱን ያዢ። በጉልበትሽ የምትተዳደሪ ከሆነ ግን ሥራሽን ለሐኪሙ በዝርዝር ንገሪው። «የቤት እመቤት ነኝ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ምን እንደምታነሺ፣ ምን እንደምትገፊ ተናገሪ። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ፣ ለበርካታ ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት ይከለከላል። ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ቤት ውስጥ የሚያግዝሽ ሰው ይኑር።

ልሙጥ ወይስ ሻካራ?

ላዩ ሻካራ የሆነው ኢምፕላንት የተሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጠባሳ ነው። ሻካራው ገጽ ኮላጅኑ በአንድ አቅጣጫ እንዳይሰለፍ ያውከዋል፤ ስለዚህ አንድ ላይ መኮማተር ይከብደዋል። ከጡንቻ በላይ በሚቀመጡት ላይ እውነትም የመጥበቅ ዕድሉን ቀንሷል። ከጡንቻ በታች ሲሆን ልዩነቱ ይጠባል።

በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። በሽፋኑ ውስጥ የሚነሣ ሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ሴል ካንሰር፣ በዋናነት ከሻካራዎቹ ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። የጡት ካንሰር አይደለም። ጥቂት ሴቶችን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ግን አለ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በጣም ሻካራ የሆኑትን ከገበያ አስወጣች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጠየቀው መሠረት አለርጋን የተባለው አምራች ባዮሴል የሚባለውን ሻካራ ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ።

ስለዚህ ዛሬ አዲስ ለምታስተክል ሴት ሚዛኑ ወደ ልሙጡ ያጋድላል። የመጥበቅን ዕድል ከጡንቻ ሥር በማስቀመጥ መቀነስ ይቻላል። የሊምፎማውን ዕድል ለመቀነስ ግን ያለው መንገድ ሻካራውን አለመምረጥ ነው። «ሻካራ ነው፣ ግን ርካሽ ነው» የሚልሽ ካለ ተይው።

ሻካራ ኢምፕላንት ቀድሞ ገብቶልሽ ከሆነ አትደንግጪ። ምልክት ለሌላት ሴት እንዲወጣ አይመከርም። ማወቅ ያለብሽ ምልክቱን ነው። ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ፣ አንዱ ጡት ድንገት ቢያብጥ ውሃ ቋጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ያ ውሃ በመርፌ ተቀድቶ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። ሐኪምሽ ሲዲ 30 የሚባለው ምርመራ እንዲሠራለት ይጠይቅ። ቶሎ ሲገኝ ኢምፕላንቱንና ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

የጨው ውሃ ወይስ ሲሊኮን ጄል?

ሁለቱም ከውጭ ልባሳቸው ሲሊኮን ነው። የሚለያዩት በውስጣቸው ባለው ነው። ጄሉ ሲዳሰስ የተፈጥሮን ጡት ይመስላል። የጨው ውሃው መሸብሸብ ይታይበታል፣ በተለይ ቀጭን ሴት ላይ።

ይሁንና የጨው ውሃው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሲቀደድ ታውቂያለሽ። ጡቱ በአጭር ጊዜ ይሟሽሻል፣ ውሃውን ሰውነት ይመጠዋል። ጄሉ ሲቀደድ ግን ምንም ላይሰማሽ ይችላል። ሽፋኑ ውስጥ ታቅፎ ይቀመጣል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጄል ላላቸው ሴቶች ከተተከለላቸው ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ኤምአርአይ ወይም አልትራሳውንድ፣ ከዚያም በየ2 እስከ 3 ዓመቱ ክትትል የሚመክረው ለዚህ ነው። ይህ የዕድሜ ልክ ወጪ ነው። ያንን መክፈል፣ ባለሙያውንም በየጊዜው ማግኘት የምትችይ ከሆነ ጄሉ ጥሩ ነው። ካልሆነ የጨው ውሃው ያለ ማሽን ራሱን ያጋልጣል። ውጭ አገር ብዙ ሰው ጄሉን ይመርጣል። እዚህ ላለች ሴት ግን ለእኔ የጨው ውሃው ከሚወራለት በላይ ዋጋ አለው።

ስለሚገባበት መንገድ በአጭሩ፦ ከጡቱ ሥር ባለው እጥፋት በኩል ቢገባ ይሻላል። በጡት ጫፍ ዙሪያ ሲገባ የወተት ቱቦዎቹ ይነካሉ፤ እነሱ ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ወደፊት ጡት ማጥባት ለምትፈልግም የጫፉ መንገድ የበለጠ ይጎዳል።

ጡት ከተነሣ በኋላ ያሉት ሦስት መንገዶች

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታየው ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል ለብዙዎቻችን ከማስተለቁ ይልቅ የቀረበ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ኢምፕላንት ነው። እዚህ የሚቀድመው ጥያቄ ጨረር ወስደሻል ወይ፣ ወይም ትወስጃለሽ ወይ የሚለው ነው። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጎንደር ሄደው ለወራት ወረፋ የጠበቁ እናቶችን የማያውቅ የለም። ጨረር ካንሰሩን ይከላከላል፤ በሰበቡ አይቅር። ቆዳንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ግን ያጠነክራል፣ ደም ሥሮቹን ያቀጥናል። በዚያ ላይ ኢምፕላንት ሲገባ ሽፋኑ የመጥበቅ ዕድሉ በእጅጉ ይጨምራል። ቁስልም አልድን ሊል ይችላል። ጨረር ለወሰደች ሴት ኢምፕላንትን የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ ለሚያቀርብ ሰው ጥያቄ አብዢበት።

ሁለተኛው መንገድ የራስ ሥጋ ነው። ከሆድ ቆዳና ስብ፣ ወይም ከጀርባ ጡንቻ ከነቆዳው ተወስዶ ጡት ይሠራል። ባዕድ ነገር ስለሌለ የሚታጠር ነገር የለም፤ የሚጠብቅ ሽፋንም አይኖርም። ከክብደትሽ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጨረር ለነካው ደረት ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት ይህን ነው። ዋጋውም ከባድ ነው። ኦፕራሲዮኑ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ከሆድ ሲወሰድ ሆዱ ሊላላ ወይም ሊያብጥ ይችላል፤ ገና መውለድ ለምትፈልግ ሴት ይህ መታሰብ አለበት። ከጀርባ ሲወሰድ ትከሻው የተወሰነ ጉልበት ያጣል። የሆዱን ደም ሥር ከደረት ደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ እየሰፉ የሚሠሩት ዓይነት ደግሞ ልዩ ሥልጠና ያለው ቡድን ይፈልጋል።

ሦስተኛው ከውጭ የሚለበስ ነው። ጡት ማስያዣው ውስጥ የሚገባ፣ ክብደቱ ከሌላኛው ጡት ጋር የተመጣጠነ ቅርጽ ነው። የሲሊኮኑ ይገዛል። ከጥጥ ወይም ከስፖንጅ በልክ የሚሰፋም አለ፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ከሌላኛው ጡትሽ ልክ ወስዳ ትሠራዋለች። ስፌቱ እስኪድን ቀለል ያለውን ልበሺ፤ ሲድን ክብደት ያለው ይሻላል፣ አንዱ ትከሻ እንዳይዘነበል። የሚጠብቅ ጠባሳ የለም፣ ሌላ ኦፕራሲዮን የለም፣ የኢምፕላንት ክትትል የለም። የሙቀት ቀን ያልባል፣ ፈታ ያለ ቀሚስ ሲለበስ ይንሸራተታል። ብዙ ሴቶች ይህን «ለጊዜው» ብለው ጀምረው በእሱ ይረጋሉ። እኔ አላንሰውም። ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ለምትሄድ፣ ገበያ ለምትውል፣ የካንሰር ክትትሏ ራሱ ለከበዳት እናት ከሁሉም የተሻለው ሊሆን ይችላል። መልሶ ማሠራት ከፈለገች ደግሞ በሩ አይዘጋም፤ ከዓመታት በኋላም ይቻላል።

አስቀድሞ ከጠነከረስ?

መጀመሪያ አንድ ክልከላ። ወጌሻ ጋ አትሂጂ። በሰመረ እጅ እየታሸ ይለሰልሳል የሚል ሰው አይጠፋም። ድሮ ውጭ አገር ሐኪሞች ራሳቸው ጡቱን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ጨምቀው ሽፋኑን ይቀዱት ነበር። ኢምፕላንቱ ውስጥ ለውስጥ እየፈነዳ፣ ደም እየፈሰሰ ስላስቸገረ ተዉት። ሐኪም የተወውን ወጌሻ አይጀምረው።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ካለሽ የሚሻለው መከታተል ነው። በየተወሰነው ወር ጋደም ብለሽ ሁለቱንም ጡት በእኩል ጫና ዳስሺ። ከመስታወት ፊት ሁለቱን እጅሽን አንሥተሽ ጫፎቹ እኩል መሆናቸውን እዪ። ፎቶ አንሥቶ ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ከሁሉም ይበልጣል። ለውጡ ዝግ ስለሚል ዓይን ይለምደዋል።

ለአስም የሚሰጥ ዛፊርሉካስት የሚባል ኪኒን ለዚህም ሲታዘዝ ትሰሚ ይሆናል። ለዚህ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም። ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ አትዋጪ።

ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ምርጫው ኦፕራሲዮን ነው። ቀላሉ ሽፋኑን ቦታ ቦታው ላይ መሰንጠቅና ማላላት ነው። ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ ብዙም ደም አያፈስም። ጠባሳው ግን እዚያው ስላለ ተመልሶ የመጥበቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከባዱ ሽፋኑን አውጥቶ፣ አዲስ ኢምፕላንት፣ ብዙ ጊዜም በአዲስ ቦታ፣ ማስገባት ነው። ከጡንቻ በላይ የነበረው ወደ ታች ይሄዳል። ይህ የተሻለ ውጤት አለው። ሆኖም ሽፋኑ የጎድን አጥንት ላይ ከተጣበቀ መላጡ አደጋ አለው፤ የሳንባ ሽፋን ሊነካ ይችላል። አንዴ የጠበቀባት ሴት ላይ ደግሞ እንደገና የመጥበቅ ዕድሉ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ይህን ሐኪሙ ካልነገረሽ አንቺ ጠይቂው።

ሌላው አውጥቶ መተው ነው። ስለዚህ መንገድ ብዙ አይወራም፤ ሊወራ ይገባል። ቆዳው ይላላል፣ ጡቱ ከድሮው ሊያንስ ይችላል። አስፈላጊ ሲሆን ማንሻ ስፌት ይሠራለታል። ግን ያልቃል። ሦስተኛ ኦፕራሲዮን የለም። ሁለት ጊዜ ለጠበቀባት፣ ከአዲስ አበባ ወዲያና ወዲህ ማለት ለሰለቻት ሴት እኔ ከሁሉ በፊት ይህን እንድታስብበት እነግራታለሁ። በዚህ ጊዜ ሽፋኑ ሳይከፈት ከነኢምፕላንቱ በአንድነት ካልወጣ አይሆንም የሚል ወሬ በሰፊው ይዞራል። ያ የሚያስፈልገው ሊምፎማ ሲገኝ ወይም ሲጠረጠር ነው። ስስና ጤነኛ ሽፋንን ለማውጣት ተብሎ ትልቅ ቁስል መክፈት አያስፈልግም።

የት ትሠሪዋለሽ?

ውጭ አገር ሄደው የሚያሠሩ አሉ። ዋጋው ከትኬትና ከሆቴል ጋር ተደምሮ ይነገራል፤ ያጓጓል። የማይነገረው ጠባሳው ሥራውን የሚጀምረው ወደ አገር ከተመለስሽ በኋላ መሆኑ ነው። ብዙው መጥበቅ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት ነው። ያኔ የሠራሽ ሐኪም በስልክ ነው ያለው።

አዲስ አበባ ከሆነ የአውሮፕላኑ ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአዘዞ ተነሥቶ በዕለቱ ደርሶ መመለስ ይቻላል። በመኪና ግን ረጅም ነው፣ መንገዱም ሁልጊዜ እንደታሰበው አይሆንም። ስፌቱ ከመፈታቱ በፊትና ከዚያም በኋላ ባሉት ቀጠሮዎች ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለብሽ ቀድመሽ አስልተሽ ዋጋው ላይ ጨምሪው። የሁለተኛ ኦፕራሲዮን መጠባበቂያም ያዢ። ለመጀመሪያው ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለሽ ገና አልደረሰም።

የትም ይሠራ፣ እጅሽ ላይ ካርዱ ይኑር። እያንዳንዱ ኢምፕላንት አምራቹ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ አለው። አንዱ ለሆስፒታሉ ፋይል፣ አንዱ ለአንቺ ነው። ከቀበሌ መታወቂያሽና ከልጆችሽ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጪው። በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ካርድ የሌላት ሴት ከ10 ዓመት በኋላ የገባው ልሙጥ ይሁን ሻካራ እንኳ ማወቅ ያቅታታል። ካርድ አንሰጥም የሚል ቦታ አታሠሪ።

ጎንደር ላይ መጀመሪያ የምትታዪበት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ነው። አልትራሳውንድ ብዙ ነገር ይለያል፤ ውሃ መቋጠሩን፣ መቀደዱን፣ ጉብታ መኖሩን። ሪፈር ካስፈለገም ከዚያው ይጻፍልሻል። ማሞግራም ስትነሺ፣ ማሽኑ ከመጫኑ በፊት ኢምፕላንት እንዳለሽ ለባለሙያው ንገሪ፤ አነሣሡ ይለያል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ መቅላት፣ ከስፌቱ ፈሳሽ ካየሽ በዚያው ቀን ሂጂ። አንዱ ጡት በሰዓታት ውስጥ ካበጠና ከተወጠረ ደም ሊሆን ይችላል፤ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ቁስሉ ሳይደርቅ በጥምቀት ሰሞን ውሃ እንዳይረጭበት ተጠንቀቂ፤ ጠበሉም ስፌቱ እስኪድን ይታገሥሻል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አዲስ ጉብታ፣ በብብት ሥር የሚዳሰስ ንፍፊት ወይም የጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ሲኖር «ያው ጠባሳው ነው» ብለሽ አትለፊው። ኢምፕላንት ያላት ሴትም የጡት ካንሰር ይይዛታል። ናሙና በመርፌ የሚወሰድ ከሆነ በአልትራሳውንድ እየታየ ይሁን። መርፌውን የሚይዘው ሰው ከመጀመሩ በፊት ከሥሩ ኢምፕላንት እንዳለ ከአንቺ አፍ ይስማ።